ቁልፉን ማን ይያዘው?

በከተራ ዕለት ጠዋት ዕቃ ቤቱ ሲከፈት ለማየት እኛ ልጆች በሩ ላይ እንኮለኮል ነበር። ከጎጃሟ ቢቸና ወጣ ብሎ ባለው፣ ባደግሁበት ደብር በዚያ በር ላይ ሦስት ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። አንደኛውን ቁልፍ ቄሰ ገበዙ ይዘዋል፤ ሁለተኛው አለቃው ዘንድ ነው፤ ሦስተኛው ከሰበካ ጉባኤው ሽማግሌ እጅ ነው። አንድ ዓመት ሽማግሌው ዘገዩ። ታቦቱ የሚወጣበት ሰዓት ደርሷል፤ ጥላው፣ መስቀሉ፣ ጽናጽሉ ሁሉ ውስጥ ነው። ዲያቆናቱ አጉረመረሙ። ቄሰ ገበዙ ግን «ይመጣሉ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ሽማግሌው በበቅሎ ላብ በላብ ሆነው ደረሱ፤ ሦስቱ ቁልፎች ተራ በተራ ገቡ፤ የሚወጣው ዕቃ በስሙ እየተጠራ ከመዝገቡ ጋር ተመሳከረ። ያኔ መዘግየታቸው ነበር የገረመኝ። አሁን የሚገርመኝ አንድም ሰው «እንስበረው» አለማለቱ ነው።

ዛሬ እንጀራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። በየሳምንቱ የሚገጥመኝ ጥያቄም ያው የዕቃ ቤቱ ጥያቄ ነው። አንድ መተግበሪያ ብቻውን ቆሞ አይሠራም። የደንበኞች መረጃ ያለበትን ዳታቤዝ ያንኳኳል፣ ከክፍያ ድርጅት ጋር ይነጋገራል፣ አጭር መልእክት ይልካል። እያንዳንዱ በር የይለፍ ቃል ወይም ቁልፍ ይጠይቀዋል። ቁልፉን የሚያስገባው ደግሞ ማሽን ስለሆነ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶም በሩ ይከፈታል። ያ ቁልፍ የት ይቀመጥ? ማን ይወቀው? መቼ ይቀየር? መልሱ ያለፈበት መንገድ ረጅም ነው፤ ጎጃምንም አልፎ አልፎ ይነካል።

እስከ 1928፦ በሩና መዝገቡ

ከሞጣ እስከ ቢቸና ባለው አገር ጥንታውያን አድባራት ተደርድረዋል፦ ሞጣ ጊዮርጊስ፣ እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ያሠሯት መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ዲማ ጊዮርጊስ። በእነዚህ ስፍራዎች ዕቃ ቤት ማለት የወርቅና የብር ማኖሪያ ብቻ አልነበረም። መረጃም የሚኖረው እዚያው ነው። ርስትና ጉልት ለማን እንደተሰጠ፣ ማን ለማን እንደሸጠ፣ ምስክሮቹ እነማን እንደነበሩ በወንጌሉ ባዶ ገጾችና በኅዳጉ ላይ ይጻፍ ነበር። ወንጌል ላይ የተጻፈን የሚፍቅ እጅ ይፈራል። ከዚህም በላይ መጽሐፉ ያለበት ክፍል በአንድ ሰው ፈቃድ አይከፈትም።

አሠራሩ በብዙ ገዳማትና አድባራት ተመሳሳይ ነው። ቁልፉ ለሁለት ወይም ለሦስት ይከፈላል፤ የያዡ ስም ይታወቃል፤ ኃላፊው ሲለወጥ ዕቃው በምስክር ፊት ተቆጥሮ ርክክብ ይደረጋል። ብልሃቱ ያለው ከብረቱ ጥንካሬ ላይ አይደለም። ጓጉንቸሩን ማንም ጎበዝ በመዶሻ ይሰብረዋል፤ ሰብሮ ግን አይደበቅም። ቁልፍ ይዞ የሚገባው ሌባ ነው የሚያስፈራው። ሦስት ቁልፍ የተበጀው ለእርሱ ነው።

አገሩ ሌላ ዓይነት ምስጢርም ያውቅ ነበር። ደብተራዎች ሌላው የማይሰማው የራሳቸው የምስጢር አነጋገር ነበራቸው፤ የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው በእ.ኤ.አ. 1964 ባሳተመው የኢትዮጵያ የምስጢር ቋንቋዎች ጥናት መዝግቦታል። ይህ ግን ከዕቃ ቤቱ ዘዴ በእጅጉ ይለያል። የደብተራዎቹ አነጋገር ምስጢር የሚሆነው ዘዴው እስካልታወቀ ድረስ ነው፤ አንድ ተማሪ አፉ ካመለጠው አለቀ። የዕቃ ቤቱን ዘዴ ግን አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ ማወቁ ሌባውን አይጠቅመውም። ይህ ልዩነት ከሁለት አንዱን የመምረጥ ጉዳይ መሆኑን በጽሑፍ ያሰፈረው ፓሪስ ያስተምር የነበረ ኔዘርላንዳዊ፣ ኦጉስት ኬርኮፍስ ነው። በእ.ኤ.አ. 1883 በፈረንሳይ የወታደራዊ ሳይንስ መጽሔት ላይ እንዳለው፣ የምስጢር አጻጻፍ ዘዴው ራሱ በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጉዳት ሊያመጣ አይገባም፤ ተጠብቆ የሚቆየው ቁልፉ ነው፤ ቁልፉም በቀላሉ የሚቀየር መሆን አለበት። ዛሬም የኮምፒዩተር ደኅንነት የቆመው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው።

1928–1933፦ በአየር ላይ የተወሰደ ቃል

ቁልፍን ማጣት ምን ያህል እንደሚያስከፍል አገሪቱ በጦርነት አየችው። በየካቲት 1928 ራስ እምሩ ከጎጃም ይዘውት የዘመቱት ሠራዊት ሽሬ ላይ ሲፋለም፣ በሰሜኑ ጦር ግንባር አዛዦች መካከል የሚመላለሰው ወሬ ከፊሉ በእግረኛ፣ ከፊሉ በራዲዮ ነበር። ራዲዮ ፈጣን ነው፤ ግን ያዳመጠ ሁሉ ይሰማዋል። የኢጣሊያ ጦር ጆሮውን አየሩ ላይ ጥሎ መልእክቶቹን ይጠልፍና ይፈታ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1928 ማይጨው ላይ ጥቃቱ ሲሰነዘር ማርሻል ባዶሊዮ እንደሚመጣ ቀድሞ አውቆ፣ ምሽጉን አጠናክሮ ጠበቀ። ጦርነቱን የወሰነው ጠለፋው ብቻ ነው አልልም፤ የመርዝ ጋዙና አውሮፕላኑ ነበሩ። ዳሩ ግን የሚያጠቃ ሠራዊት ትልቁ ሀብቱ ድንገቴነት ነው፤ ያ ሀብት ገና ሳይተኮስ ተወስዷል።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ዓመታት አርበኞች ወደ ድሮው ተመለሱ። በላይ ዘለቀ በቢቸና ዙሪያ፣ ሌሎችም በየአውራጃቸው ሲዋጉ መልእክቱ የሚጓዘው በሚያምኑት ሰው አፍና እጅ ነበር። ሎሬንዞ ታእዛዝ በእ.ኤ.አ. 1939 ከስደተኛው ንጉሠ ነገሥት ተልከው ጎጃም ሲገቡ፣ በነሐሴ 1932 ደግሞ የእንግሊዙ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ሲሻገር፣ ለአርበኞች ትልቁ ጥያቄ «ይህ ሰው በእውነት ከንጉሡ ነው ወይ?» የሚል ነበር። ምስጢርን መጠበቅ አንድ ነገር፣ የላኪውን ማንነት ማረጋገጥ ሌላ ነገር ነው። ለሁለተኛው ያለው መሣሪያ ማኅተም ነበር። የዛሬው መተግበሪያ ዲጂታል ፊርማ የሚለው ያንኑ ነው፤ ፊርማውን የሚያወጣው ቁልፍ ከተሰረቀም ሌባው በንጉሡ ማኅተም ይጽፋል።

1935–1966፦ ካዝና፣ ሞዴል 22 እና የገበሬው ጥርጣሬ

ከነጻነት በኋላ በ1935 የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ፤ በ1955 በወጣው ሕግ ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ተወለዱ። የዕቃ ቤቱ ልማድ በባንክ ቤት ውስጥ ካዝና ሆኖ ተቀመጠ። የካዝናውን አንድ ቁልፍ ሥራ አስኪያጁ፣ ሌላውን ገንዘብ ያዡ ይይዛሉ፤ አንዱ ሲቀር በሩ ተዘግቶ ይውላል። በመንግሥት መሥሪያ ቤትም ዕቃ የሚገባው በሞዴል 19፣ የሚወጣው በሞዴል 22 ሆነ። ሰው ይስቅበታል፣ ቢሮክራሲ ነው ይላል፤ እኔ ግን ሞዴል 22ን አከብራለሁ። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ በማን ፈቃድ ወሰደ ለሚሉት አራት ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ይመልሳል። ሶፍትዌር ሠሪዎች «ኦዲት ሎግ» የሚሉት ይኸው ነው።

በዚሁ ዘመን ቢቸናና ሞጣ የአገሪቱ መነጋገሪያ የሆኑት በሌላ ምክንያት ነው። በ1960 መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ሲያውጅ ምርት ገማቾች ወደ ገጠር ተላኩ። የቢቸናና የሞጣ ገበሬ አላስገባም አለ፤ ዓመፁ በሠራዊትና በአውሮፕላን እስኪመታ ደረሰ፤ በመጨረሻም የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ተነሡ፣ የቆየ የግብር ዕዳም ተሰረዘ። የታሪክ ጸሐፊዎች ምክንያቱን በግብሩ፣ በርስት መብቱና በአስተዳደሩ በደል ያስረዳሉ፤ ትክክልም ናቸው። እኔ ግን ከውስጡ አንድ ነገር መዝዤ አነባለሁ። ገበሬው የፈራው ብሩን ብቻ አልነበረም፤ መሬቱና አዝመራው ተለክቶ በማያምነው ሰው መዝገብ ላይ መስፈሩን ጭምር ነበር። አንድ ጊዜ ከተጻፈ፣ መዝገቡን የያዘው ሰው ነገ ምን እንደሚያደርግበት ማን ያውቃል? የይለፍ ቃል የሚጠብቀው እንዲህ ያለውን መዝገብ ነው። ብዙ ፕሮግራመር ዳታቤዝ ሲል የሰው ኑሮ መሆኑን ይረሳል። የጎጃም ገበሬ ግን አልረሳውም።

እ.ኤ.አ. 1961–1979፦ ማሽኑ ቃል ሲጠይቅ

የይለፍ ቃል ወደ ኮምፒዩተር የገባው በአሜሪካው ኤምአይቲ ነው። ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ በእ.ኤ.አ. 1961 አንድ ማሽን ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያገለግልበትን ሲስተም ሠሩና ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ቃል ሰጡት። ቃላቱ ግን በአንድ ፋይል ላይ እንዳሉ ተጽፈው ተቀመጡ። በ1962 አለን ሼር የተባለ ተማሪ የተመደበለት የማሽን ሰዓት አልበቃ አለው። ፋይሉ እንዲታተም በካርድ አዘዘ፤ ማሽኑም ታዛዥ ነውና አተመለት። በዓለም የመጀመሪያው የይለፍ ቃል ሌብነት የሚባለው ይህ ነው። በ1966 ደግሞ በሲስተሙ ስህተት የሁሉም ቃል ለገባ ሰው ሁሉ ታየ።

ከዚህ በኋላ አንድ ብልሃት መጣ። ቃሉን እንዳለ አታስቀምጠው፤ ፍጨው። ጤፉን ፈጭተህ ዱቄቱን ካኖርክ፣ ዱቄቱን የሰረቀ ጤፉን አያገኝም። ተጠቃሚው ነገ ቃሉን ሲያስገባ እንደገና ይፈጭና ዱቄቱ ከዱቄቱ ይነጻጸራል። ሮበርት ሞሪስና ኬን ቶምሰን ይህን በዩኒክስ እንዴት እንደሠሩት በ1979 አሳተሙ።

የኛ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የተጠቃሚ ቃል ይፈጫል፤ የመተግበሪያ ምስጢር ግን አይፈጭም። መተግበሪያው የዳታቤዙን ቃል እንዳለ አውጥቶ ማስገባት አለበትና ጤፉ ጤፍ ሆኖ የሆነ ቦታ መቀመጥ ግድ ነው። ልቆልፈው ብትል የቁልፉ ቁልፍ የት ይቀመጣል? እርሱንም ብትቆልፍ ሦስተኛው ይከተላል። ማለቂያ የለውም።

ያው 1979 ግን ሌላ ነገር አመጣ። እስራኤላዊው አዲ ሻሚር ሁለት ገጽ ያህል በሆነች ጽሑፍ አንድን ምስጢር ለብዙ ሰው አካፍሎ፣ ከመካከላቸው የተወሰኑት ሲሰበሰቡ ብቻ እንዲገኝ የሚያደርግ ስሌት አሳየ። ለአምስት ሰው ብታካፍልና ሦስት ይበቃል ብትል፣ ማንኛውም ሦስቱ ሲመጡ ምስጢሩ ይወጣል፤ ሁለቱ ብቻ ቢሆኑ ግን ከቁራሾቻቸው ምንም አያገኙም። ከዕቃ ቤቱም አንድ እርምጃ ይሻላል፤ አንድ ሽማግሌ ቢሞቱ ወይም ቢዘገዩ በሩ ለዘላለም አይዘጋም። ስሌቱ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው ወደ ኛ ሥራ የሚመጣው።

1989–2000፦ ሳጥኑ ወደ ወረዳ ወረደ

በ1989 ሁለት ነገሮች ሆኑ። በጥር ወር ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት አዲስ አበባ ገባ፤ በመጋቢት ደግሞ የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል ከቤተ ክርስቲያኑ ተሰረቀ። መስቀሉ ቤልጅየም ካለ ሰብሳቢ እጅ ተገኝቶ በእ.ኤ.አ. 2001 ተመለሰ። ወርቅ ሲሰረቅ ቦታው ባዶ ስለሚሆን ይታወቃል፤ ተፈልጎም ይመለሳል። የተሰረቀ ቃል ግን ቦታው ላይ እንዳለ ነው። ባለቤቱ አያውቅም፤ የሚመለስ ነገርም የለም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወረዳኔት የተባለው የመንግሥት መረብ የወረዳ ከተሞችን በሳተላይት ማገናኘት ጀመረ፤ የፋይናንስ ጽሕፈት ቤቶች በጀታቸውን አይቤክስ በሚባል ሲስተም መመዝገብ ቻሉ። በዚያ ዘመን ሞጣ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ለጥገና ገብቼ ነበር። ጠረጴዛው ላይ መስታወት አለ፤ ከመስታወቱ ሥር የልጆች ፎቶ፣ የቀን መቁጠሪያ፣ በጎኑ ደግሞ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ የይለፍ ቃል። ቃሉ ከሁለት ሰው በፊት እዚያ ይሠራ የነበረ ሠራተኛ ስምና 123 ነው። ሰውዬው ከሄደ ቆይቷል። ወንበሩ፣ ካልኩሌተሩ፣ የብረት ሳጥኑ ሁሉ በርክክብ ቅጽ ተላልፏል፤ ቃሉ ግን ቅጹ ላይ የለም። ለካ የመሥሪያ ቤቱ ሕግ ለወንበር ነው እንጂ ለቃል አልወጣም ነበር። በዚሁ ጊዜ፣ በ1999፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ (ኢንሳ) በደንብ ቁጥር 130 ተቋቋመ።

2000–2010፦ በኮድ ውስጥ የተረሳ ቁልፍ

በእ.ኤ.አ. 2005 ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን ጻፈ፤ በእ.ኤ.አ. 2008 ጊትሃብ ተከፈተ። ጊት የኮድን ታሪክ አንድም ሳይጥል የሚመዘግብ መዝገብ ነው፤ ፕሮግራመሮችም ሥራቸውን በኢንተርኔት ይጋሩበት ጀመር። ያን ጊዜ የይለፍ ቃል ኮዱ ውስጥ መጻፍ የተለመደ ነበር። ኮዱ ከቢሮ እስካልወጣ ማንም አያየውም። ኮዱ ሲወጣ ግን ቃሉም አብሮ ወጣ።

እኔም ከነዚህ አንዱ ነኝ። ለአንድ አነስተኛ ድርጅት አጭር መልእክት የሚልክ ፕሮግራም ሠርቼ፣ የመላኪያውን ቁልፍ ለሙከራ ኮዱ ውስጥ ጻፍኩት። ማታ ላይ ሥራዬን ወደ ጊትሃብ ስልክ ማከማቻው ለሁሉም ክፍት መሆኑን ልብ አላልኩም። ጠዋት ላይ የድርጅቱ የመልእክት ሂሳብ ባዶ ነው፤ በማናውቃቸው አገሮች ወዳሉ ቁጥሮች ሌሊቱን ሲላክ አድሯል። ደንግጬ መስመሩን አጠፋሁና ደግሜ ላክሁ። ያ ስህተት ከመጀመሪያው የባሰ ነው፤ ቃሉ ከታሪኩ ውስጥ አልጠፋም፤ «ቁልፍ ተሰርዟል» የሚል ማስታወሻዬ ደግሞ ለፈላጊው መንገድ ጠቋሚ ሆነ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ማድረግ የነበረብኝ አንድ ነገር ነው፤ መጀመሪያ ቁልፉን መቀየር። ያን ያደረግሁት ከቀትር በኋላ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ ነው።

እንዲህ የሚሆነው ለጀማሪ ብቻ አይደለም። በእ.ኤ.አ. 2016 ኡበር በግል የኮድ ማከማቻው ውስጥ ያስቀመጠው የአማዞን ቁልፍ ተገኝቶበት የ57 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ተወሰደ፤ ድርጅቱ ለሌቦቹ 100,000 ዶላር ከፍሎ ነገሩን አንድ ዓመት ያህል ደበቀው። የደኅንነት ኃላፊው በእ.ኤ.አ. 2022 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ።

ለኢትዮጵያውያን ይበልጥ የሚቀርበው ታሪክ ግን ሌላ ነው። በእ.ኤ.አ. የካቲት 2014 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ፣ በውጭ አገር የሚሠሩ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በተባለ የኢጣሊያ ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር መጠቃታቸውን ዘገበ። በእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2015 ሰላዩ ራሱ ተሰበረ። 400 ጊጋባይት የሚሆን ሰነዱ ኢንተርኔት ላይ ፈሰሰ፤ ከደንበኞቹ አንዱ የኢትዮጵያው ኢንሳ እንደነበረም ከኢሜይሎቹ ታወቀ። የሰው ምስጢር በመስበር የሚነግደው ኩባንያ ከሚጠቀምባቸው ቃላት አንዱ «ፓስወርድ» የሚለው ቃል ራሱ፣ «ኦ»ዋ በዜሮ ተተክታ ነበር። በእ.ኤ.አ. 2017 መጨረሻ ደግሞ ሲቲዝን ላብ ሌላ የስለላ ሶፍትዌር ሲከታተል፣ በስለላ የተያዙት ኮምፒዩተሮች ዝርዝር ማንም በሚያነበው ሰርቨር ላይ ተከፍቶ አገኘው። ሁለት ወር ሳይሞላ የፈረንሳዩ ለ ሞንድ ጋዜጣ፣ ቻይና በሠራችው በአዲስ አበባው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ከእ.ኤ.አ. 2012 እስከ 2017 በየሌሊቱ መረጃ ወደ ሻንጋይ ይሄድ እንደነበር ጻፈ፤ ቻይና አስተባበለች። ኅብረቱ የራሱን ሰርቨሮች ገዛ። ቤቱን የሠራልህ ሰው ቁልፍ አስቀርቶ እንደሆነ የምታውቀው መቀርቀሪያውን ስትቀይር ነው።

2007–2012፦ ሦስቱ ቁልፎች ተመለሱ

ለዚህ ሁሉ የመጀመሪያው መልስ በእ.ኤ.አ. 2011 ከሄሮኩ ኩባንያ መሐንዲሶች መጣ፦ ምስጢሩን ከኮዱ አውጣ፣ መተግበሪያው በሚነሣበት አካባቢ አኑረው። ዛሬ ማንኛውም ጀማሪ የሚያውቀው የ«ኤንቭ» ፋይል ከዚያ ተስፋፋ። መሻሻል ነው፤ ቁልፉ ከበሩ ተነሥቷል፤ የተቀመጠው ግን ከምንጣፉ ሥር ነው። ፋይሉን ያገኘ ሁሉ ያነበዋል፤ ማን እንዳነበበው አይታወቅም፤ ብዙዎችም በስህተት ከኮዱ ጋር ይልኩታል።

ቁም ነገሩ የተለወጠው በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ 2007 ነው። ሃሺኮርፕ የተባለ ኩባንያ ቮልት የሚባል ክፍት ሶፍትዌር አወጣ። ቮልት ሁሉንም ምስጢር አመስጥሮ በአንድ ቦታ ያኖራል፤ ማን ምን እንደወሰደ ይመዘግባል፤ ሲጠየቅም፣ ለምሳሌ ለአንድ ሰዓት ብቻ የሚሠራ፣ ጊዜያዊ ቃል ፈጥሮ ይሰጣል። ጊዜው ሲያልፍ ቃሉ ይሞታል፤ የሰረቀውም የማይከፍት ቁልፍ ይዞ ይቀራል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስጭነው ግን ያስቆመኝ ሌላ ነው። ሰርቨሩ ሲነሣ የታሸገ ነው፤ እኔ ብቻዬን ልከፍተው አልችልም። ዋናው ቁልፍ በሻሚር ስሌት ለአምስት ተከፍሏል፤ ቢያንስ ሦስት ሰዎች ድርሻቸውን ካላስገቡ አንድም ምስጢር አይወጣም። ስክሪኑ ላይ «ከ3ቱ 1 ገብቷል» የሚለውን አይቼ ሁለቱን ባልደረቦቼን ስጠብቅ፣ በበቅሎ የመጡት ሽማግሌ ትዝ አሉኝ።

በአገር ቤትም ሕጉ ተከተለ። በ2008 የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ፣ በ2010 ደግሞ ኢንሳን የዲጂታል ምስክር ወረቀቶች ሁሉ ሥር ያደረገው የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 ወጡ። በሰኔ 2012 በሕዳሴ ግድብ ሙሌት ዋዜማ፣ ኢንሳ ከግብፅ የተነሡ ቡድኖች በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ የሰነዘሩትን ጥቃት መመከቱን አስታወቀ።

ከ2013 ወዲህ፦ ገንዘቡ ስልክ ውስጥ ገባ

ግንቦት 3 ቀን 2013 የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ከ40 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አፈራ። ከዚያ በኋላ የቢቸና ሸቀጥ ቤት ባለቤት ዕቃውን በመተግበሪያ መሸጥ ሲፈልግ፣ ሠሪው ከክፍያ ድርጅቱ የነጋዴ መለያና ምስጢራዊ ቁልፍ ይሰጠዋል። ያ ቁልፍ ካዝናው ራሱ ነው። የፋይዳ መታወቂያም በ2015 በአዋጅ ጸደቀ፤ በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጣ። በ1960 የተነሣው ጥያቄ፣ መዝገቡን የያዘው በምን ይጠየቃል የሚለው፣ የሕግ መልስ ያገኘው ከ56 ዓመት በኋላ ነው።

ከነሐሴ 2015 አካባቢ ጀምሮ ግን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ያህል ተቋርጦ ነበር። ይህ ከውጭ የተጻፉ መመሪያዎች የማያነሡትን ነገር አስተማረን። ምስጢርህን ሁሉ በአማዞን ወይም በጉግል ደመና ካስቀመጥክ፣ መስመሩ ሲቋረጥ ሞጣ ያለው ሰርቨርህ ቁልፉን መጠየቅ አይችልም፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስም ሳይነሣ ይቀራል። የደመናው ሂሳብ ደግሞ የሚከፈለው በዶላር ነው።

ስለዚህ ጓደኞች ሲጠይቁኝ የምመልሰው እንዲህ ነው። አንድ ሰርቨርና ሁለት ሠራተኛ ላለው ቮልት መትከል ለአንድ ላም ቤተ መንግሥት የሚያህል በረት መሥራት ነው። ሶፕስና ኤጅ የሚባሉት ነጻ መሣሪያዎች ፋይሉን አመስጥረው ከኮዱ ጎን ያኖሩታል፤ ኢንተርኔት አይፈልጉም፤ መፍቻ ቁልፉን ሁለት ሰዎች ይያዙት፤ ቅጂው በታሸገ ኤንቨሎፕ ሁለት ፊርማ አርፎበት ካዝና ይግባ። ብዙ መተግበሪያና ብዙ እጅ ያለበት ባንክ ወይም ሆስፒታል ግን ያለ ቮልት ወይም ያለ መሰሉ አይሆንለትም። ሃሺኮርፕ በእ.ኤ.አ. 2023 ፈቃዱን ካጠበቀ በኋላ፣ ኦፕንባኦ የተባለው ክፍት ቅርንጫፉ አለ። ጊትጋርዲያን የተባለው ድርጅት እንደቆጠረው በእ.ኤ.አ. 2024 ብቻ 23.8 ሚሊዮን ገደማ ምስጢሮች በጊትሃብ ላይ በአደባባይ ወጥተዋል፤ በእ.ኤ.አ. 2022 ከወጡትም 70 በመቶው እስከዚያ ድረስ ይሠሩ ነበር። ማለትም የብዙዎቹን ባለቤቶች ችግር የትኛውም ሶፍትዌር አይፈታውም፤ ቁልፉን አልቀየሩትም።

አሁን «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» በሚለው ሥልጠና ብዙ ወጣት ወደ ሥራው እየገባ ነው። በቢቸናም ሆነ በሞጣ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያላችሁ ኃላፊዎች አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው የሠራተኛ ርክክብ ላይ ከወንበሩና ከብረት ሳጥኑ በታች አንድ መስመር ጨምሩ፦ የትኛው ሲስተም፣ ቃሉን እነማን ያውቁታል፣ መቼ ተቀየረ። ቃሉን ራሱን ግን እዚያ ላይ አትጻፉት።